የአይዞሽ ጉሮሮ

ስለ ካርቡራቶር ላወራችሁ ነው። ቆይ፣ ገጹን አትግለጡት! እኔም እስከ አምና ድረስ ይህን ቃል ስሰማ ወሬ የምቀይር ሰው ነበርኩ። ደግሞ ዕቃው ካርቡራቶር ይሁን እንጂ ታሪኩ የእፍረት ነው። እፍረት የማይገባው ሰው የለም፤ የማያፍር አለ እንጂ።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገረው። ካርቡራቶር በድሮ መኪኖች ሞተር አናት ላይ የምትቀመጥ፣ ሁለት ቡጢ የምታህል ብረት ናት። ሥራዋ አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ ማጉረስ ነው። መሃሏ ላይ ጠበብ ያለ ጉሮሮ አላት፤ አየሩ እዚያ ጉሮሮ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ቤንዚኑን ከጎን እየመጠጠ ይዞት ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን እንዲህ በሦስት መስመር ለማወቅ ስንት ሰው እንዳስቀየምኩ ግን ወደ ፊት ታዩታላችሁ።

መኪናዬን የወረስኳት ከአባቴ ነው። ስሟ አይዞሽ ይባላል። ስም ያወጣላት ሰው የለም፤ አባቴ ነፍሱን ይማረውና አቀበት በደረሰ ቁጥር ዳሽቦርዷን መታ መታ እያደረገ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላት ስለነበር እኛ ልጆቹ ስሟ መስሎን ቀረ። ሠፈሬ አማኑኤል ነው። ይህን ስናገር ፈገግ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ የምለው የአእምሮ ሆስፒታሉን ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኑን ነው። ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህን ስናገር ደግሞ ፈገግ የሚል አይገኝም።

አይዞሽ ሜዳ ላይ ጨዋ ናት። አቀበት ላይ ግን ሐሳብ ይይዛታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እርጅና ነው እያልኩ ችዬ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ሳለ፣ ተማሪዎቼ በእግራቸው አልፈውኝ ሄዱ። ማለፋቸውስ ምንም አልነበረም። አንደኛው ዞር አለና «ቲቸር፣ እንግፋ?» አለኝ። በትህትና ነው ያለኝ፤ የከነከነኝም ትህትናው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ ከእጄ አልለይ አለ። ሰው በስልክ ዘመድ ይጠይቃል፣ እኔ ስለ ሞተር ትንፋሽ አነባለሁ። እያንዳንዱ ሞተር በደቂቃ የሚስበው አየር ልክ አለው አሉ፤ ልኩም በስሌት ይገኛል አሉ። ስሌት! ባለሙያው ቤት ድረስ መጣለታ። የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩ፤ የሞተሯ ሆድ አንድ ነጥብ ሦስት ሊትር፣ በደቂቃ አምስት ሺህ ዙር ብትዞር፣ ሲባዛ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ሊትር አየር። በቀይ እስክርቢቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

«ይህ ሁሉ አየር ከየት ሊመጣ ነው?» አለች ባለቤቴ አስካለ፣ በትከሻዬ በኩል እያየች።

«ከከባቢው» አልኳት።

«እኛንስ ይበቃናል?»

አስካለ አንዳንዴ ቀልድ ታበዛለች። እኔ ግን የመኪናዋን የጥንት መመሪያ መጽሐፍ ከአባቴ ሣጥን አወጣሁ። የፋብሪካዋ ካርቡራቶር ጉሮሮ ሠላሳ ሁለት ሚሊሜትር ስፋት አለው ይላል። ኮፈኖውን ከፍቼ በማስመሪያ ለካሁ። ሃያ ስድስት! እንደገና ለካሁ፤ ሃያ ስድስት። ስድስት ሚሊሜትር ጠፍቷል። በአንድ ሰው ላይ ክፉ ለማሰብ ስድስት ሚሊሜትር ይበቃል? ለእኔ በቅቶኛል።

ምክንያቱም የአይዞሽን ኮፈኖ ከአንድ ሰው በቀር የከፈተ መካኒክ አልነበረም። ጋሼ ሙዘይን ይባላሉ፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውስጥ የሸበቱ፣ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ሱቃቸው የአንድ በር ስፋት ስላለው አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት። ካርቡራቶር እንጂ ሌላ ነገር አይነኩም። መሣሪያቸው አንድ ካቻቪቴና ክንድ የምታህል ቀጭን የጎማ ቱቦ ናት። የቱቦዋን አንድ ጫፍ ካርቡራቶሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ማስተካከያ ብሎኗን፣ ቪቴዋን፣ ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሩብ ዙር ወዲያ አድርገው «አሁን ተነፈሰች፣ አልሃምዱሊላህ» ይላሉ።

ስለ ጋሼ ሙዘይን አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ ያስፈልገናል። ሰላት ሲደርስ ሱቃቸውን አይቆልፉም። የሚቀመጡባትን የእንጨት ዱካ በሩ ላይ ያጋድሙና ይሄዳሉ። የስንቱ ሰው ዕቃ ተፈታትቶ እዚያ ውስጥ ይውላል፣ ዱካዋን ተሻግሮ የሚነካ ግን የለም። መርካቶን በሌብነት ብቻ ለምታሙ ሰዎች ይህን ማሰማት ደስ ይለኛል። የዚያች ዱካ ጉልበት የሰውዬው ስም ነበር።

ሰኞ ዕለት ማስመሪያዬን፣ መጽሐፌንና ቀይ ስሌቴን ይዤ ደረስኩ። ጋሼ ሙዘይን የአንድ ነጭ ፒካፕ ኮፈኖ ውስጥ ጎንበስ ብለዋል። የፒካፑ ባለቤት፣ አቶ ደሳለኝ የሚባል የምናለሽ ተራ ነጋዴ፣ አጠገባቸው ቆሟል። ጎረቤቶቹም እንደ ልማዳቸው በየበራቸው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ ሙዘይን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ።

«ጠይቅ፣ የተሰማ ልጅ» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝም ለእሳቸው የተሰማ ልጅ ነኝ።

«የአይዞሽ ካርቡራቶር የፋብሪካዋ ነው?»

«አይደለም።»

«ማን ቀየረው?»

«እኔ።»

«ዋናውስ የት ሄደ?»

ጋሼ ሙዘይን አቶ ደሳለኝን አዩ። ቀና ብለው መደርደሪያቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ነገር ሌላ ቀን ብቻችንን እናውራው» አሉኝ።

«ለምን ብቻችንን? ሰው እንዳይሰማው የሚፈራ ነገር አለ?» ድምፄ ከፍ አለ። የመምህር ድምፅ ደግሞ ከፍ ሲል የመጨረሻው ወንበር ድረስ ነው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባቴም እኔም አምነን ሰጠን። እርስዎ ዋናውን አውጥተው ወስደው ይህችን የመርፌ ቀዳዳ ገጠሙባት። ይኸው ስሌቱ! ታፍና ነው የኖረችው!»

ሌባ የሚለውን ቃል አልተናገርኩም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ጋሼ ሙዘይን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጣት በጣት ነው የጠረጉት። «ትልቅ አፍ ማለት ብዙ ትንፋሽ ማለት አይደለም» አሉ። «አፉን በሰፊው ከፍቶ የሚያፏጭ ሰው አይተሃል?»

እኔ ነገሩን ሲያድበሰብሱ ነው ያልኩት። አቶ ደሳለኝ ግን የፒካፑን ኮፈኖ ቀስ አድርጎ ዘጋና «ጋሼ፣ ሌላ ቀን ብቅ እላለሁ» ብሎ ሄደ። ያኔ ልቤ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ሸምቀቅ አለች። ንዴቴ ትልቅ ስለነበር ግን ተሸፈነች።

ሶማሌ ተራ ላይ ተቆጥቶ የሚሄድ ሰው ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ደላላ ያገኘዋል።

«ምን ጠፋ ጋሼ?»

«ካርቡራቶር። በደቂቃ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ሊትር አየር የሚያስገባ!»

ደላላው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «አለ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሦስት ሊትር ቢጎድልስ ብዬ «እርግጠኛ ነህ?» ስለው «ወላሂ፣ ይተርፋል እንጂ አያንስም» አለ። ዕቃው በእጁ አልነበረም። ስልክ ደወለ፣ ሌላው ለሌላው ደወለ፣ የደወሉት ሁሉ በመሃል የየድርሻቸውን ቆርጠው ካርቡራቶሩ ከሰዓታት በኋላ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። በመርካቶ ይህ ንግድ አየር ባየር ይባላል፤ ዕቃው ሳይታይ ሽያጩ ያልቃል። አየር ፍለጋ የወጣሁት ሰውዬ አየር ባየር ገዝቼ ገባሁ።

የመጣው ነገር የጭነት መኪና ጉሮሮ ይመስላል። አፉ ውስጥ ጡጫዬ ይገባል ለማለት ምንም አልቀረው። የሚገጥምልኝ መካኒክም አላጣሁም፤ ለሚነገረው ሁሉ «ችግር የለም» የሚል ሰው ነው። አይገጥምም ስለው ችግር የለም፣ ኮፈኖው አይዘጋም ስለው ችግር የለም። ቀዳዳ እየበሳ፣ ብረት እየቆረጠ፣ ሁለት ቀን ሠርቶ እሮብ ዕለት ጨረሰ። ኮፈኖዋ በገመድ ታሰረ። አሮጌዋን ካርቡራቶር በፌስታል ጠቅልዬ ከኋላ ወረወርኳት።

ሞተሩን ሳስነሳ ድምጿ አንበሳ ሆነ። ልክ ነበርኩ ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ጋሼ ሙዘይን በራቸው ላይ ቢኖሩና ቢሰሙ ደስ ባለኝ። ከዚያ እግሬን ሳነሳ ጠፋች። አስነሳሁ፣ ጠፋች። ሚኒሞ የሚሉት ነገር፣ ማለትም እግር ሳይነካት ቆማ የምትተነፍሰው፣ ጨርሶ የላትም። ስለዚህ በአንድ እግሬ ፍሬን፣ በሌላው ነዳጅ እየረገጥኩ፣ ፍሪሲዮኑን በምን ልርገጠው እያልኩ ወጣሁ። እግዜር ለሰው ሁለት እግር ብቻ የሰጠው ትልቅ ካርቡራቶር እንዳይገጥም መሆን አለበት።

ነዳጅ ስሰጣት መጀመሪያ ዝም ትላለች። ትንሽ አስባ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ድንገት ትዘላለች። ስትዘል ከማርሚታዋ የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነው። የመጀመሪያው ዝላይ አንዲት የፓስቲ ጠባሽ ጋ አደረሰን። ጭሱ ሲገለጥ ሴትዮዋ ጭልፋዋን ይዛ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ! ፓስቲዬን በዘይት ጠብሼ በቤንዚን ልሽጠው?»

ይቅርታ ለመጠየቅ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፤ አይዞሽ ጠፋች። መንገዱ መሃል ነው። ከኋላዬ ታክሲ፣ ከታክሲው ኋላ አይሱዙ፣ ከአይሱዙው ኋላ ጋሪ፤ ሁሉም ጡሩምባ አለው፤ ጋሪውም ባለቤቱ ያፏጭለታል። ፍርዱ ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ ባትሪ ነው አለ። ሌላው ካንዴላዋ ረጥቧል አለ። አንድ ሽማግሌ ታክሲ ውስጥ ሆነው «ዓይን ነው፤ ይህች መኪና ቆንጆ ነበረች» አሉ። ሸክም ያወረዱ ተሸካሚዎች መጥተው «ሆ!» እያሉ ገፉልኝ። በመርካቶ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሪ ጨብጬ እየተገፋሁ ሳለ ያ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ቲቸር፣ እንግፋ?

የቆምነው ቺንጊያ፣ ማለትም የሞተር ቀበቶ፣ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ በር ላይ ነው። ከሱቁ አንዲት ሴት ወጣች።

«ቲቸር! እርስዎ ነዎት?»

ሰሚራ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት አስተምሬአታለሁ። ማስተማር ከተባለ፤ አንድ ቀን ደብተሯ ላይ በቀይ «አንቺና ሒሳብ አትተዋወቁም» ብዬ ጽፌባታለሁ። አሁን የራሷ ሱቅ አላት፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ቺንጊያ ሰቅላለች። የጻፍኩትን ታስታውስ እንደሆን አላውቅም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አስታወስኩት።

ኮፈኖውን ፈትታ አየችና «ይህን ማን ገጠመው?» አለች። ስሌቴን አወጣሁ፤ የተጨማደደውን ወረቀት ዘርግቼ በዚያው በመምህር ድምፄ አስረዳኋት።

«ለሁለት አካፍለዋል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሞተሩ ባለ አራት ምት ነው ቲቸር። ይስባል፣ ያምቃል፣ ያነዳል፣ ያወጣል። ይህን ለመጨረስ ሁለት ዙር መዞር አለበት። አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ነው።»

ወረቀቱን አየሁ። ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ቀይ ቁጥር መልሶ አየኝ። ለሁለት አካፈልኩት፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ።

«ሳንባውን ጢም አድርጎ የሚሞላ ሞተርም የለም» አለች ሰሚራ፣ አሁንም በትህትና። «ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ። ደግሞስ አምስት ሺህ ዙር አዙረዋት ያውቃሉ?»

«ሦስት ሺህ ላይ ትጮኻለች» አልኩ።

«እንግዲያው አየሩ ጥቂት ነው። ጥቂት አየር በሰፊ ጉሮሮ ይንቀራፈፋል፤ ሲንቀራፈፍ ቤንዚን መምጠጥ አይችልም። ያ መካኒክ ደግሞ እንዳትጠፋ ብሎ የቤንዚኑን ቀዳዳ አስፍቶታል። ለዚህ ነው የምትጠቁረው።»

አፉን በሰፊው ከፍቶ የሚያፏጭ ሰው አይተሃል? ለካ ሙሉው ትምህርት ሰኞ ዕለት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶኝ ነበር። አፈርኩ። ግን ገና ግማሹን ነው ያፈርኩት፤ ስሌቱ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ቲቸር» አለች ሰሚራ ድምጿን ቀንሳ፣ «ጋሼ ሙዘይንን ሰው ፊት ሌባ ብሎ የሄደው ሰውዬ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ሌባ አላልኩም!»

«ምን አሉ ታዲያ?»

ያልኩትን ደገምኩላት። ከራሴ አፍ ሲወጣ ስሰማው፣ ሌባ ማለት ነበር።

«ከሰኞ ወዲህ ደንበኞች እየመጡ ያስቀመጡትን ዕቃ ይወስዳሉ» አለችኝ። «አርባ ምናምን ዓመት የሠሩበት ቦታ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ስማቸው ከሄደ ምን ይቀራቸዋል?»

አይዞሽን እዚያው ሰሚራ በር ላይ ትቼ በእግሬ ወደ አማኑኤል ሄድኩ። ቤት ስደርስ ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳት። መቼም ሚስት ናት ትደግፈኛለች ብዬ ነው። ሽማግሌ ልኬ፣ በጓዳ በር ገብቼ፣ ቀስ ብዬ ይቅርታ ብጠይቅስ አልኳት።

«አደባባይ የሰደብከውን ሰው ጓዳ ገብተህ ይቅር በሉኝ ትላለህ?» አለች። «ስድቡን የሰማ ሁሉ ይቅርታውንም ይስማ።»

ሐሙስ ዕለት ምናለሽ ተራ ወርጄ አቶ ደሳለኝን ፈለግኩት። ሱቁ ውስጥ አገኘሁትና ነገ ከጁምዓ በኋላ ሶማሌ ተራ ድረስ እንዲመጣልኝ ለመንኩት። «ለምን?» አለኝ። «ስዋረድ እንድታይልኝ» አልኩት። እንዲህ ያለ ግብዣ ማን ይቀራል? እመጣለሁ አለ።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ጋሼ ሙዘይን ከመስጊድ አልተመለሱም። ዱካዋን ፈለግኳት፤ የለችም። በሩ ተዘግቶ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። አዲስ ነው፤ የተሸጠበት ላስቲክ እንኳ ገና በወጉ አልተላጠለትም።

«ከመቼ ወዲህ ነው የሚቆልፉት?» አልኩ ጎረቤታቸውን።

«ከማክሰኞ» አለኝ። «የሰው ዕቃ ቢጎድል ደግሞ ምን ሊባል ነው ብለው።» ፊቱን አዞረብኝ።

ያን ጓጉንቸር የገዛሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰርቻለሁ፤ የምድረ ተማሪ ተስፋ በቀይ እስክርቢቶ ቆርጫለሁ። እንደዚያች ቁልፍ ያሳፈረኝ ነገር ግን የለም። መሬት ቢከፈት መርካቶ ስለሆነ መግቢያ ወረፋ ይኖረው ነበር እንጂ እገባበት ነበር።

ጋሼ ሙዘይን ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ መጡ። አቶ ደሳለኝ መጣ፣ ሰሚራም ሱቋን ትታ መጣች። አንድ የጎማ ቸርኬ ላይ ወጣሁ። ንግግሬን ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼው ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን ከየት እንደሆነ አላውቅም «በሁለት ዙር አንዴ ነው!» የሚል ጩኸት ወጣኝ።

ሰው ተሰበሰበ።

«ምንድነው፣ ሎተሪ ነው?» አለ አንዱ።

«ሰባኪ መሰለኝ።»

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከአማኑኤል።»

«አሃ!» አሉ ሁሉም። ቤተ ክርስቲያኑን ማለታቸው አይመስለኝም።

ከቸርኬው ወረድኩ። «ሰኞ ዕለት» አልኩ፣ በዚህ ጊዜ በመምህር ድምፅ አልነበረም፣ «እዚህ ቆሜ ጋሼ ሙዘይን የአባቴን ዕቃ ወሰዱ ብያለሁ። ምንም ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ስሌት ይዤ መጣሁ፣ ስሌቱ ስህተት ነበር፤ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ለሁለት ማካፈል ረሳሁ። ያ ካርቡራቶር የት እንደሄደ ዛሬም አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም። አባቴ እኚህን ሰው እስኪሞት ድረስ አምኗቸዋል። እኔ ነኝ የባለግኩት። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።» ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

«ጨረስክ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«በል መኪናዋን አምጣት። እሮብ ዕለት ስታስነሳት ከዚህ ሆኜ ሰምቻታለሁ፤ እየሰመጠች ነው።»

አቶ ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠራረገና «ጋሼ፣ ከእሱ በኋላ የኔን ፒካፕ ያዩልኛል?» አለ። አይዞሽን ገፍተን አመጣናት፤ እኔም ገፋሁ። ያን የጭነት መኪና ጉሮሮ ፈትተው አወጡት፣ አሮጌዋን ከፌስታሏ አውጥተው በቤንዚን አጠቧት፣ ገጠሟት። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው ጥቀርሻቸውን አራገፉ። ሞተሩ ሲነሣ ቱቦዋን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቪቴዋን ሩብ ዙር አዞሩ። ከዚያ ጫፏን ለእኔ ሰጡኝ።

«ምን ይሰማሃል?»

«ንፋስ» አልኩ።

«ደህና አድርገህ ስማ።»

ሰማሁ። ንፋሱ ውስጥ ቀጭን፣ የማይቆራረጥ ፉጨት አለ።

የዐስር ሰላት አዛን ተሰማ። ጋሼ ሙዘይን እጃቸውን ታጠቡ፣ ጓጉንቸሩን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት፣ ዱካዋን በሩ ላይ አጋደሙና ሄዱ። የአቶ ደሳለኝ ካርቡራቶር ተፈታትቶ እውስጥ ተዘርግቷል። እኔ ከዱካዋ ወዲህ ቆሜ ጠበቅኩ። ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር፤ ከቤንዚኑ ይሆናል።

ሲመለሱ ሰው ተበትኗል። ወዲያ ወዲህ አዩና «አሁን ብቻችንን ነን» አሉኝ። ዱካዋ ላይ ወጥተው ከመደርደሪያው ጥግ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ፈቱት። በዘይት የታሸ፣ ዝገት ያልነካው ካርቡራቶር ነው። ማስመሪያ አላስፈለገኝም፤ ሠላሳ ሁለት ነው።

«አባትህ» አሉ፣ «አንተ መንጃ ፈቃድ ያወጣህ ሳምንት መጡ። ሙዘይን፣ ልጄ መንጃ ፈቃድ አወጣ አሉኝ። እንኳን ደስ አለዎት ስላቸው፣ ደስታውን ተወውና የዚህችን መኪና ጉሮሮ አጥብብልኝ አሉ። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ሳያስብ ነው የሚረግጠው። ይህን አንተ ጋ አስቀምጠው፤ ልጄ ሲበስል ትመልስለታለህ። አደራ አሉኝ።»

ያ ሁሉ አቀበት፣ ያ ሁሉ «አይዞሽ»። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ዳሽቦርዱን መታ መታ ሲያደርግ ያጽናና የነበረው ማንን ነው?

«ታዲያ ሰኞ ዕለት ይህን አውርደው ቢያሳዩኝ ኖሮ እኮ…»

«አሳይቼ ምን ልበል? አባቱ ልጁን እንዲህ ብለውት ነበር ብዬ ገበያ ላይ ላውራ? መምህር ነህ። የኔን ስም አላህ ይመልሰዋል።»

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ፣ እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለፈ፣ ስህተቴንም በአደባባይ ካመንኩ፣ አደራው ሊሰጠኝ ነው ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ጋሼ ሙዘይን ካርቡራቶሩን አዩት። እኔን አዩኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ እግሬ ላይ ቆየት አሉ። ጨርቁን ቀስ አድርገው መልሰው ጠቀለሉት፣ ዱካዋ ላይ ወጡ፣ ከነበረበት ጥግ አስቀመጡት።

«ገና ነህ» አሉኝ።

ለጥምቀት ሃምሳ ሦስት ዓመት ይሞላኛል።